ሜዳው ላይ ማን አለ? ተማሪዎችን ለስፖርት ጋዜጠኝነት ስለማሠልጠን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎችን የስፖርት ዘገባ ማሠልጠን ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ጽሑፍም፣ ድምፅም፣ ፎቶም፣ ቪዲዮም እንሠራለን። በየዙሩ የሚመጡት ልጆች ይለያያሉ፤ ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። ተማሪው ስለ ካሜራ ይጠይቃል። ወላጅ ስለ እንጀራ ይጠይቃል። መምህራን ስለ ማርክ ይጠይቃሉ። ሁሌ በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሥልጠናው ከምን ይጀምራል? ከካሜራ?

ከሜዳ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጃን ሜዳ ነው የምንውለው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በእጅ የሚያዘው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ያዩትንና የሰሙትን ይጽፋሉ። አሠልጣኙ ማንን ነው የሚጮህበት? ኳሷ ርቃ ስትሄድ ሮጦ የሚያመጣት ማን ነው? ዳኛው ፊሽካውን ከማን ተዋሰ?

መጀመሪያ ሰሞን ከአሥሩ ስምንቱ «ጨዋታው ጥሩ ፉክክር የታየበት ነበር» ብለው ይመጣሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር አልጋ ላይ ተኝቶም መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅዳሜ እንሄዳለን፤ ሦስተኛም እንሄዳለን። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ይህን ጽፋ መጣች፦ በረኛው ተቀይሮ ሲወጣ ጓንቱን አውልቆ ለሚገባው ሰጠው። ቡድኑ ያለው ጓንት አንድ ነው ማለት ነው። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ ረስቻለሁ። ጓንቱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ካሜራ የምንነካው ከዚያ በኋላ ነው። ማየት ያልለመደ ሰው ካሜራ ቢሰጡት የሚቀርፀው ሣር ነው።

«መልቲሚዲያ» ማለት አንድ ሰው ሁሉንም ይሥራ ማለት ነው?

ሁሉንም መሞከር አለበት፤ በሁሉም ጎበዝ መሆን ግን አይጠበቅበትም። ዋናው ነገር የትኛው ወሬ በየትኛው መንገድ ቢነገር ይሻላል የሚለውን መለየት ነው። አንድን ዜና በጽሑፍ፣ በድምፅና በቪዲዮ ሦስት ጊዜ መድገም መልቲሚዲያ አይባልም። አንዱን ወጥ በሦስት ሳህን ማቅረብ ነው።

ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ነው፤ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሮጠው። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 አንደኛ ወጣ። የእኛ በሪሁ አረጋዊ በ26:43.44 ሁለተኛ። አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26:43.46 ሦስተኛ። በብርና በነሐስ መካከል ያለው ልዩነት የሰከንድ 2 መቶኛ ብቻ ነው።

ይህን በጽሑፍ ስታነቡት ቁጥር ነው፤ ያልፋችኋል። አንድ ተማሪ ግን ሒሳቡን ሠራው። በዚያ የአጨራረስ ፍጥነት የሰከንድ 2 መቶኛ በርቀት ስንት ይሆናል? ከአንድ ስንዝር ያነሰ ሆነ። ልጁ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ሣለና ፎቶ አንስቶ ለቀቀው። ከላይ «10,000 ሜትር» ብሎ ጻፈ፤ ከታች «ይቺን ታህል»። ከዚያ የተሻለ ግራፊክ እኔ አላየሁም። ያወጣው ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል?

ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ገንዘብ ካለ ቅድሚያ ለማይክ። በልብስ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ካገኛችሁ ግማሹ ችግር ተፈታ። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ፓወር ባንክ። ከዚያ ትራይፖድ።

እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሄዶ የሚቀርፅ ሰው ነፋስን ይወቅ። ቃለ መጠይቁ በሙሉ «ፉፉፉ» ብቻ ሆኖበት ያለቀሰ ተማሪ አውቃለሁ። ማይኩ ላይ ስፖንጅ ወይም የሹራብ ቁራጭ መጠቅለል ብዙ ያድናል። ሩጫና ኳስ ስትቀርፁ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 50 ወይም 60 ምስል ላይ አድርጉት፤ እግር የሚንቀሳቀስበት ሁሉ በ25 ሲሆን ምስሉ ይቆራረጣል። ደግሞ ዙም አታድርጉ። በእግራችሁ ቅረቡ።

ጨዋታውን ቀርፀን ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እንችላለን?

አትችሉም። ይህን ስናገር የሚያኮርፍ አይጠፋም።

ጨዋታው የሚታይበት መብት የተሸጠ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ለመብቱ ገንዘብ ተከፍሎበታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ከቴሌቪዥን ላይ በስልክ ቀርፆ የጣቢያውን ስም ሸፍኖ መልቀቅ ደግሞ ያው ስርቆት ነው፤ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል መልስ እኔ ጋ አይሠራም።

ግን ይኼ ክልከላ ለተማሪ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም በጀው። ጎሉን ማሳየት ካልቻላችሁ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ይላችኋል። ወረፋ የያዘውን፣ ትኬት የሚቆርጠውን፣ ከጨዋታ በኋላ የሚሰጠውን መግለጫ፣ የደጋፊውን ፊት። ጎል ሲገባ ሜዳውን ሳይሆን ሰዉን ያየ ካሜራ የሚያገኘውን ነገር ቴሌቪዥኑ አያገኘውም። የድሮውን የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚያውቅ ሰው ካታንጋና ጥላ ፎቅ የሚባሉት የተመልካች ቦታዎች ለአንድ ጎል ሁለት ዓይነት ጩኸት እንደሚጮሁ ያውቃል።

ከሠራናቸው ሁሉ የምወደው የድምፅ ሥራም የተወለደው መግቢያ ካጡ ልጆች ነው። ሁለት ተማሪዎች ስታዲየም መግባት ሳይችሉ ቀሩ። ተናደዱ። ከበሩ ማዶ አንድ ሊስትሮ ነበር። ለዓመታት እዚያው ቦታ ላይ ጫማ የሚያስውብ። ሰውየው ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ ማን እንዳገባ፣ የተሻረ ጎል መሆን አለመሆኑን፣ አንዳንዴም ከየትኛው ወገን ካርድ እንደወጣ ይናገራል። ልጆቹ 90 ደቂቃውን ከእሱ ጋር ተቀመጡ። የብሩሹ ድምፅ አለ፣ ከበስተጀርባ የስታዲየሙ ማዕበል አለ፣ የሰውየው «አይ፣ ይቺ ኦፍሳይድ ናት» የሚል እርጋታ አለ። 4 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። ውስጥ ገብተው ቢሆን ኖሮ የሌላውን ሰው ዜና ነበር ይዘው የሚመጡት።

ኮሜንታተር መሆን ነው የምፈልገው። ታሠለጥናላችሁ?

እናሠለጥናለን፤ ግን መጀመሪያ ማስመሰሉን ተዉ። እያንዳንዱ አዲስ ልጅ የሚወደውን ሰው ድምፅ ይዞ ይመጣል። የጥንቶቹን ማድመጥ ጥሩ ነው። ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ) ፍጻሜ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ በመለያ ምት ሲለያዩ ያሰማውን ድምፅ ያልተወለዱት ሳይቀሩ ያውቁታል። ሰለሞን ተሰማን በራዲዮ ሰምቶ ያደገ ትውልድም አለ። የሚቀዳው ግን ጩኸታቸው አይደለም፤ ሰሚውን ሜዳው ውስጥ የሚያስገቡበት መንገድ ነው።

የራዲዮ ልምምዳችን እንዲህ ነው። አንዱ ተማሪ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። እጁ ላይ የሜዳ ሥዕል ያለበት ወረቀትና እርሳስ አለ። ሌላው ጨዋታውን እያየ ያወራል። የተቀመጠው በሚሰማው ብቻ የኳሷን መንገድ በእርሳስ ይከተላል። እርሳሱ ከቆመ ኮሜንታተሩ ወድቋል ማለት ነው። «ድንቅ እንቅስቃሴ!» ሲል እርሳሱ ይቆማል። «በግራ በኩል፣ ከመሐል ሜዳ አሥር ሜትር ገባ ብሎ» ሲል ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቅጽሎቹ ራሳቸው ይጠፋሉ።

ቴሌቪዥን ሌላ ነው። እዚያ ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው። ኳሷ በግራ መሆኗን ሰዉ ያየዋል።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው?

ቁጥር ላይ። ይኼን ክፍል ካስፈለገ ሁለቴ አንብቡት።

አንደኛ፣ ሰዓት። «26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ44 ማይክሮ ሰከንድ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? በየኤፍኤሙ እንሰማዋለን። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች ግን መቶኛ ናቸው። «ከ44 የሰከንድ መቶኛ» በሉ፤ ካስቸገራችሁ «26 ደቂቃ ከ43 ነጥብ 44 ሰከንድ» በሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ ነው። በ9 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ካሜራ አይለያቸውም ነበር።

ሁለተኛ፣ የሰዓት አቆጣጠር። ፓሪስ ላይ በበጋ በ21:00 የሚጀመር ውድድር አዲስ አበባ 22:00 ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት። ሁለት ደረጃ ነው። ተማሪው አንዱን ይዘልና ሕዝቡን በተሳሳተ ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠዋል። ይኼ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ስድቡም አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ዓመተ ምሕረት። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጥር ላይ ስለነበር በእኛ 1954 ዓ.ም. ይሆናል። በዝምታ 7 የቀነሰ ሰው 1955 ይላል። የአበበ ቢቂላ የሮም ማራቶን ደግሞ የተሮጠው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ይህን ወደ እኛ ቀን መልሱት ስል አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ተንጫጫ። አንዱ 1953 አለ፣ አንዱ 1952። ቆጥረን ስንደርስበት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሆነ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! አበበ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ሲያሸንፍ አገር ቤት ችቦ የሚበራበት ምሽት ነበር። ልጆቹ ለአፍታ ዝም አሉ። ቀኑን በትክክል ከመቁጠር ብቻ የተገኘ ታሪክ ነው።

የአትሌቶችን ስም እንዴት ነው የምንጽፈው?

አትሌቷን በራሷ ስም ጥሩ። ስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ «ቱሉ» ብሎ ቢጽፍም በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ናት፤ ቱሉ አባቷ ናቸው። ለውጭ ሚዲያ በእንግሊዝኛ ስትጽፉም ይህንኑ አስረዱ። የስሙን አጻጻፍና አነባበብ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ስሞችን በግምት ማጣመም ሰውን ያስከፋል።

ለሌላ አገር የሚሮጡትን በተመለከተ አገሩን መጀመሪያ፣ ትውልዱን ቀጥሎ ጻፉ። በፓሪሱ የሴቶች ማራቶን ሲፋን ሀሰን በ2:22:55 ወርቁን ያገኘችው ለኔዘርላንድ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብሩን ያመጣችው ለኢትዮጵያ ነው። «ወርቁም ብሩም የእኛ» የሚል ርዕስ ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ዜና አይደለም።

ቃለ መጠይቅ ላይ አትሌቶች አጭር መልስ ብቻ ይሰጡናል። ምን እናድርግ?

አጭር መልስ የሚመጣው ከሰነፍ ጥያቄ ነው። «ምን ተሰማህ?» ብለህ ጠይቀህ «ደስ ብሎኛል፣ ፈጣሪ ይመስገን» ቢልህ ጥፋቱ የማን ነው? ሩጫውን አይተህ ጠይቅ። «አራት ዙር ሲቀር ዞር ብለህ ያየኸው ማንን ነው?» በለው። ሰውየው ወዲያው ይነቃል። ይሄ ልጅ አይቶኛል ይላል።

ቋንቋ ሌላው ነገር ነው። ብዙዎቹ አትሌቶቻችን አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ ቀነኒሳንም፣ ጥሩነሽንም፣ ደራርቱንም ያፈራችው በቆጂና አካባቢዋ ናት። በአማርኛ ሁለት ቃል የመለሰ ልጅ በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ አሥር ደቂቃ ሲያወራ አይቻለሁ። ስለዚህ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ በየቡድኑ እንመድባለን። ትርጉሙ ሲሠራ አታሳምሩት፤ ያለውን በሉ።

አንቱታም አለ። አዛውንት አሠልጣኝን «አንተ» ብሎ በአየር ላይ መጥራት አያምርም። ብዙ አትሌቶች በፖሊስና በመከላከያ ክለቦች ሮጠው ማዕረግ ያገኙ ናቸው። ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ሲባል የሰማችሁት ለዚያ ነው። መጀመሪያ ሲያገኟቸው በማዕረጋቸው ይጥሯቸው፤ ራሳቸው «ተዪው ልጄ፣ አንቺ በዪኝ» ካሉ ያኔ ይቀለላል።

ደግሞ ዋናዎቹን ብቻ አታሳድዱ። ሲሳይ ለማ በጉዳት ከፓሪሱ ማራቶን ሲወጣ የገባው ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ነበር። 2:06:26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ። ተጠባባቂ እያለ ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ጋዜጠኛ ካለ፣ ያን ቀን ምን ዓይነት ሀብት እጁ ላይ እንደነበረ አስቡት።

ልጄ በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል? (ከወላጆች)

እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀላል አይደለም። በአገራችን ብዙዎቹ የኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከጣቢያው የአየር ሰዓት ገዝተው፣ ስፖንሰር ራሳቸው ፈልገው ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው ግማሽ ቀኑን ማስታወቂያ ሲያፈላልግ ይውላል። ይህን ተማሪዎቹም ከመጀመሪያው እንዲያውቁት አደርጋለሁ።

በሌላ በኩል የቪዲዮና የፎቶ እጅ ያለው ልጅ በአንድ በር ብቻ አይወሰንም። ክለቦች፣ ፌዴሬሽኖች፣ የአትሌት ማናጀሮች፣ የሩጫ አዘጋጆች ሁሉ ምስል የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በስፖርት የተማረውን ይዞ ሠርግ የሚቀርፅም አለ። አይናቁት፤ የሚሮጥ ሰው መቅረፅ የቻለ እስክስታ አያቅተውም።

የአውሮፓ እግር ኳስ ዜና እየተረጎሙ መሥራት ምን ችግር አለው? ሰዉ የሚወደው እሱን ነው።

ሰዉ ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ሥልጠና አይሆንም። ማንቸስተር ውስጥ የተባለን ነገር እዚህ ሆናችሁ ብትተረጉሙ ከሁሉም ኋላ ነው የምትደርሱት። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ ከተሳሳተ አብራችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ማጣሪያ የላችሁም።

ለመጻፍ ካማራችሁ ዲኤስቲቪ ቤቱን ጻፉት። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈር ውስጥ ያለው ያ ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚው ወንበር፣ መብራት ሲጠፋ የሚሰማው «ኧረ!» የሚል ጩኸት፣ ጥጉ ላይ የውርርድ ወረቀት የጨበጠው ልጅ። የአርሴናልን ጨዋታ ሺህ ሰው ይዘግበዋል። እሱን ክፍል ግን ከእናንተ በቀር የሚዘግበው የለም።

እዚሁ አጠገባችን ያልተዘገበ ስንት ነገር አለ። የንግድ ባንክ ሴቶች የሴካፋን ዞን አሸንፈው እ.ኤ.አ. በ2024 በአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ሲጫወቱ ምን ያህል ተወራ? ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣስ?

ደጋፊ ሆኖ ጋዜጠኛ መሆን ይቻላል?

ይቻላል። ጊዮርጊስም ቡናም ያልደገፈ የአዲስ አበባ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። ማልያው ግን ቤት ይቀራል። የጋዜጠኞች መቀመጫ ላይ ሆኖ ጎል ሲገባ የሚዘል ተማሪ ያን ቀን አይጽፍም፤ ሌላው ይጽፍለታል።

ገንዘብን በተመለከተ ሕጋችን አጭር ነው። ከምንዘግበው ክለብ ውሎ አበል አንቀበልም። ከውርርድ ድርጅት ስፖንሰር እየወሰዱ የጨዋታ ግምት መስጠት ደግሞ ለእኔ ዘገባ አይደለም። ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

ደጋፊዎች የሚሰድቡበትን መዝሙር ቀርፀን ብናገኝስ?

መሆኑን ዘግቡ፤ ስድቡን አታሰራጩ። ብሔርን የሚነካ ጩኸት በሜዳዎቻችን የሚያመጣውን ጣጣ ሁላችንም አይተናል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ «እኔ ቀረፅኩት እንጂ አላልኩትም» ለሚል ሰው ብዙም አያዝንም።

ታዳጊ ተጫዋቾችን መቅረፅ እንችላለን?

አሠልጣኙንም ወላጁንም አስፈቅዳችሁ። በየሰፈሩ ያሉት የታዳጊ ፕሮጀክቶች ለተማሪ ጋዜጠኛ ወርቅ ናቸው፤ በር አይዘጋባችሁም። ግን የ12 ዓመት ልጅ ፔናልቲ ስቶ ሲያለቅስ ያለውን ፊት ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጠቀም?

ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ድምፁን እንደገና ሰምታችሁ ቃል በቃል አስተያዩ። ስምና ቁጥር ላይ አትመኑት። የጨዋታ ዘገባ ጻፍልኝ ካላችሁት «ጥሩ ፉክክር የታየበት ነበር» ብሎ ይጽፋል። እሱንማ እናንተም ትችሉ ነበር።

እንዴት ነው የምትመዝኑት? (ከመምህራን)

የወረቀት ፈተና የለንም። የመጨረሻው ፈተና ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ኃይሌ ራሱ አሸንፎታል፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ይኼ ለእኛ ይመቻል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ተማሪ እመድባለሁ። መንገድ ስለሚዘጋ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ቦታቸው ይደርሳሉ። ቦታቸውን ለቅቀው አይሄዱም።

የሚጠበቀው ይህ ነው። የመጀመሪያው ሯጭ ባለፈ በ30 ደቂቃ ውስጥ 100 ቃል ጽሑፍና አንድ ፎቶ። ማታ ላይ 90 ሰከንድ ቪዲዮ። በማግሥቱ ድምፅ፣ ከኪሎ ሜትሩ ነዋሪ ጋር። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚይዝ ኔትወርክ ስለሌለ ቪዲዮ ለመላክ መታገል የለም፤ ጽሑፉን በኤስኤምኤስ ይልኩታል። ኤስኤምኤስ ሲባል ይስቃሉ፤ ያን ቀን ጠዋት ግን ማንም አይስቅም።

አሸናፊውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ የቆመው ልጅ ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ያለፈው ጊዜ ዳገቱ ላይ የቆመችው ተማሪ ግን ከሁሉ የበለጠ ማርክ አገኘች። ሁሉም ሰው መራመድ የሚጀምርበትን ቦታ አገኘችው። እዚያች አንድ መብራት እንጨት አጠገብ ሰዉ ሁሉ ሩጫውን ያቆማል። ቆማ ቆጠረች፣ ቀረፀች፣ እየተራመዱ ሳለ ጠየቀቻቸው። አንዲት እናት «ከዚህ በኋላ በጸሎት ነው» አሏት።

ማርክ የምቀንስበት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ተማሪ የስህተት መዝገብ አለው። ያጠፋውን ስም፣ ያዛባውን ሰዓት ራሱ ይጽፋል። ስህተቱን ራሱ ካገኘው ምንም አልቀንስም። እኔ ካገኘሁት እቀንሳለሁ። አንባቢ ካገኘው ደግሞ ደብል ነው።

ከአገር ውጭ ዕድል አለ?

አለ። ዓለም አቀፉ የስፖርት ጋዜጠኞች ማኅበር፣ አይፕስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ ነው፤ ለወጣት ዘጋቢዎች ሥልጠና ያዘጋጃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የሲንጋፖር የወጣቶች ኦሊምፒክ ጀምሮ የወጣት ዘጋቢዎች ፕሮግራም አለው። እ.ኤ.አ. የ2026ቱ የወጣቶች ኦሊምፒክ አዘጋጅ ዳካር ናት፤ አፍሪካ የኦሊምፒክ ውድድር ስታስተናግድ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም የሠራችሁትን አሳዩን ይላሉ። የተረጎማችሁትን አይደለም።

ለጠዋቱ ልምምድ ዘገባ ስንት ሰዓት እንገናኝ?

ከንጋቱ 11:30። አትሌቶቹ ሱሉልታ የሚደርሱት 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ 3 ሰዓት ላይ ጨርሰው ሄደዋል። ሹራብ ልበሱ፣ ፓወር ባንኩ ማታ ይሞላ። ዳቦ ያዙ፣ ሻይ እኔ ጋ አለ። ያረፈደ ተማሪ የሚያገኘው የጫማ ዱካ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀርፆ ይምጣ።